አክስቴ የተከለችው እንሰት

ያሳደገችኝ አክስቴ የወታደር ሚስት ነበረች። ባሏ በተዛወረ ቁጥር ቤቱን ጠቅልላ፣ እኛን ልጆችን ይዛ ራሷ ትከተለዋለች። ከዕቃው ሁሉ አስቀድማ የምታሰናዳው የእንሰት ችግኝ ነበር።

አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ወደ ሐረር ስንሄድ በሆሳዕና መናኸሪያ አንድ ሸካሚ ችግኙን አይቶ ሳቀባት።

"እትዬ፣ ይኼ እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው? ወታደር እኮ አንድ ቦታ አይቆይም!"

"እኛ ባንበላው ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብ ይበላዋል። አንተ ብቻ ሥሩን እንዳትጎዳብኝ።"

በሁለት ካምፖች ተከለች፤ ከአንዱም አልቀመሰችም። ባሏ ጡረታ ወጥቶ ሆሳዕና ስንመለስ በጓሮዋ የተከለችው ዘንድሮ ደረሰ፤ እሷ ግን በሕይወት የለችም። እኔም ኮሌጅ ገባሁ።

ባለፈው ሳምንት ለዕረፍት ስመጣ አንዲት ጎረቤታችን ወታደር ባሏን ልትከተል ዕቃዋን ታስር ነበር። አክስቴ ካፈላቻቸው ችግኞች አንዱን ሰጠኋት።

"ሥሩን እንዳትጎጂው" አልኳት።