የናሙራ አራት ዘመናት

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የሰኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደሴ ከሚገኘው ግቢያችን አንዲት ተከራይ ልብስ ሰፊና ልጇ በመተተኛነት ተወንጅለው ተባረሩ። ውንጀላው ሐሰት ነበር። ወንጃይዋ እርስዎ ነበሩ፣ አክስቴ።

አሁን የምጽፍልዎ፣ በቅርቡ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ሳልፍ ያልታጠበ አቡጀዲና የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ስላስቆመኝ ነው። ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ዓለም ሽታ ነው። ዓለሙን የፈጠርነው የልብስ ሰፊዋ ልጅና እኔ ነበርን፤ ስሙንም ናሙራ አልነው።

ናሙራን በወረቀት አላሰፈርነውም። ጓደኛዬ ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ዘመን ይሆናል። ዘመን ከዘመን የሚያያዘው በቋጠሮ ነበር፤ ቋጠሮው ጠብ ነው፤ ያለ ጠብ አዲስ ዘመን አይገባም ብላ ደንግጋለችና።

ነጩ ዘመን የፍርሃት ዘመን ነበር። የናሙራ ሰዎች ሲነጋ ተራራቸውን ጉም ውጦት ያገኙታል። የጦሳ ተራራን ጉም እያየን ያደግን ልጆች ሌላ ምን ልንፈጥር እንችል ነበር? ረፋድ ላይ ተራራው ሲገለጥ፣ መልሶ ላመጣላቸው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይሰግዳሉ። በቀዩ ዘመን አንዲት ሴት “ባናመሰግንስ ይቀራል?” ብላ ጠየቀች፤ አንድ ጠዋትም አፏን ዘግታ ተቀመጠች። ተራራው ተመለሰ። በናሙራ ፍልስፍና የተወለደው በዚያ ረፋድ ነው። ለሴትየዋ ክብር ከየጠጉራችን ጥቂት ቆርጠን በቋጠሮው ውስጥ አሰርን። በቢጫው ዘመን ተከታዮቿ እርሷንና ዝምታዋን ማምለክ ያዙ፤ የሚናገረውንም ይቀጡ ጀመር። ይህን አልተቀበልኩም።

“የጠየቀችውን ሴትዮ እንዴት ያመልኳታል?” አልኳት።

“አንቺ ደግሞ! ሰው መቼ ጥያቄ ይወዳል? ጠያቂዋን መውደድ ይቀላል” አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፍልስፍና ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን አረፍተ ነገር በየዓመቱ እናገረዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ለተማሪዎቼ ነግሬ አላውቅም።

በአረንጓዴው ዘመን ሊቃውንቱ፣ የተመለሰው ተራራ የሄደው ራሱ ነው ወይስ ሌላ እያሉ ተከፋፈሉ። ናሙራ እዚያ ላይ ቆመ።

አባቴ ሆዱን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ እርስዎም ሊጠይቁት ከኩታበር መጡ። በዚያች ቅዳሜ የጨርቅ ገመዳችንን ከደበቅንበት የግቢው ድንጋይ ካብ ውስጥ አውጥተው፣ በዱላ ጫፍ አንጠልጥለው ግቢው መሃል ቆሙ።

“ኑ እዩ! ወንድሜን የጣለው ይኸውና! ጠጉር አለበት!”

“የእኛ ነው! ታሪክ ነው!” እያልኩ ሮጥኩ።

“የምን ታሪክ?”

“የሃይማኖት።”

“የማን ሃይማኖት?”

“የማንም። እኛ የፈጠርነው።”

“ሰማችሁ? ልጃችንን ሃይማኖት አስፈጠሯት!”

ከጎረቤቱ ገሚሱ አማተበ፤ ገሚሱ “አዑዙ ቢላህ” አለ። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ ከአንገቷ ሳይወርድ ወጣች።

“ወላሂ እትዬ፣ ጨርቁ የኔ ነው፤ ቋጠሮው ግን የልጆች ጨዋታ ነው።”

ከተናገረችው ውስጥ የተሰማላት ጨርቁ የእርሷ መሆኑ ብቻ ነበር።

ያኔም ያስተዋልኳቸው ነገሮች ነበሩ። መደበቂያችንን በድንጋይ እንደፍነው ነበር፤ ሳይከታተሉን ሊያውቁት አይችሉም። ወደ ካቡ ሲያመሩ በመስኮት አይቻለሁ፤ ዱላው ያን ጊዜም በእጅዎ ነበር። ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ በእጁ ሊነካው የማይፈልገው ነገር እንደሚጠብቀው ያውቃል። ክረምቱ ሳይወጣም ወደተለቀቀው ክፍል ልጅዎ ከነባሏ ገባች። ስለ እነዚህ አልጠይቅዎትም፤ መልሱን የማውቅ ይመስለኛል።

የማላውቀው አንድ ነገር ነው። መስከረም ላይ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እነርሱ ወደሄዱበት ወደ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ከመኪናው ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። አጠያይቄ ቤታቸውን አገኘሁ፤ ከውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር። እናትየዋ በሩን በሰውነቷ ከልላ ቆመች።

“ደህና ነሽ ልጄ? አባትሽ ዳኑ?”

“ድኗል። እርሷ አለች?”

“አለች።” ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። “አልጠላሁሽም፣ አላህ ያውቃል። ግን አክስትሽ በጆሮዬ የነገሩኝን ሰምቼ ከልጄ ጋር አላገናኝሽም።”

“ምን አሉዎት?”

“ከአንቺው አፍ ሰማሁት ነው ያሉት። እኔ አልደግመውም። ሂጂ፣ ሳይመሽብሽ።”

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሞ ነበር። ጓደኛዬ ታዳምጥ ነበር ማለት ነው። ስሟን ጠራሁ። መኪናው እንደገና ጀመረ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያም ድምፄን እስኪውጠው ድረስ በፍጥነት።

አክስቴ፣ ዕቃቸው ጋሪ ላይ ሲጫን የልብስ ሰፊዋን ክንድ ይዘው ወደ ጆሮዋ ሲያጎነብሱ አይቻለሁ። በእኔ ስም ምን ነገሯት? ቃል በቃል እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ።