የሰማያዊዋ መኪና ጣሪያ

ሰውየውን ያወቅኋቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ አንድ ላውንድሪ ቤት ሱሪ ሳሳጥር ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ድረስ እየነዱ ልብሳቸውን ለእኔ ያመጣሉ። አንድ ቀን ሱሪ ሳይሆን ፎቶ ይዘው መጡ፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሰማያዊ ኮንቨርቲብል መኪና፣ እሳቸው ጎረምሳ ሳሉ የተሠራች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋራዣቸው ውስጥ ብሎን በብሎን ያደሷት። የቀራት የሸራ ጣሪያዋ ብቻ ነበር።

"ትሰፊልኛለሽ?" አሉኝ።

ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ የተሰፋ ልብስ እያፈረስኩ ነው የለመድኩት። ቢሆንም ይሄ ከተሳካልኝ ከላውንድሪው ወጥቼ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ ብዬ እሺ አልኩ። ባለቤቴ ለመኪና ቀሚስ ልትሰፊ ነው እያለ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ።

ታዲያ እኛ ቤት አዲስ ጨርቅ ሳይነከር አይቆረጥም። አቡጀዲ እንኳ ውሃ ገብቶ ካልተኮማተረ መቀስ አይነካውም። እኔም ለጣሪያው የሰጡኝን ሸራ አፓርታማዬ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገር ተልጦ እንደ ስልባቦት ተንሳፏል።

ሸራውን ተሸክሜ በባቡር አሌክሳንድሪያ ሄድኩና ያደረግሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን ከፍተው አንድ ጥግ አሳዩኝ። ቀለሟ ሦስት ጊዜ ተቀብቷል፤ ሁለቱን ያበላሹት ራሳቸው ነበሩ።

"ሌላ ሸራ አዛለሁ" አሉ። "ያንን ግን አንነክረውም።"

ሁለተኛውን እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሳቸው ጫፉን እየያዙልኝ ሰፋሁት። ሲያልቅ ሚስታቸውንና እኔን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጠው ጣሪያውን ዘጉና በአትክልት ማጠጫው ጎማ ውሃ ለቀቁብን። ውሃው ከላያችን ይደበድባል፤ ሴትዮዋ እጄን ይዘው ሁለታችንም አንጋጠን ስፌቱን እናያለን። በስተግራ ጥግ አንዲት ጠብታ ወርዳ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ማንም አላየም፤ ቀሚሴን ጎተት አድርጌ ዝም ማለት እችል ነበር።

"እዚህ ጋ ታፈሳለች" አልኩ።

ሰውየው ውሃውን ዘግተው በመስኮት ጠመኔ አቀበሉኝ፤ ቦታውን አሰመርኩበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥጉን ፈትቼ ደገምኩት፤ ጠብ የምትል ጠፋች።

እግዜር ይስጣቸው፣ እንደሳቸው አሮጌ መኪና የሚያድሱ ወዳጆቻቸውን አንድ በአንድ ወደ እኔ ላኩ። ክረምቱ ሳይገባ ላውንድሪውን ተሰናበትኩ።