በአንድ እሳት የገባ

«እሳት ሃይማኖት የለውም» አልኩት።

«እሳቱ የለውም። ቅቤው ግን አለው» አለ ወንድሜ። «ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ባች ነው። የሙስሊሙ ሊጥ ለብቻው፣ የክርስቲያኑ ለብቻው። ይኼ ምኑ ያጣላል?»

«ራሱ ያጣላል።»

«እኔ እንዳንጣላ ነው የምለው።»

የቆምነው በዳቦ ቤታችን የኋላ ክፍል፣ የምድጃው አፍ ፊት ነው። ከጣርማ በር የሚወርዱ ሹፌሮች እኛ ደጃፍ ሲደርሱ ጃኬታቸውን ያወልቃሉ፤ ሸዋ ሮቢት ያለ ምድጃም ታቃጥላለች። ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ የገቡበት ዓመት ነበር። እኔና ወንድሜ ከሌሊቱ የሱሁር ምግብ ወዲህ ውሃ አልቀመስንም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሥጋውንም ቅቤውንም ወተቱንም ትተዋል። ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ነው። ጾመኛ ሲከራከር ምራቁን ስለሚቆጥብ ንግግሩ አጭር ነው፤ አጭር ስለሆነም ይወጋል።

አባታችን ይህን ዳቦ ቤት ሲከፍት ያስለመደው አንድ ነገር አለ። የራሳችን ዳቦ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ምድጃው ቶሎ አይበርድም። በዚያ ትርፍ ሙቀት ጎረቤት ቤቱ ያቦካውን ሊጥ በትሪ እያመጣ ይጋግራል። አንዷ ለማፍጠሪያ በወተትና በቅቤ ያሸችውን ታመጣለች፣ ሌላዋ በዘይት የለወሰችውን የጾም ዳቦ። ትሪው ሁሉ ከአንድ ገበያ የተገዛ፣ መልኩም አንድ ስለሆነ ምልክት የሚደረገው ሊጡ ላይ ነው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎረቤታችን አራት ጣቷን በተርታ ትጫናለች። ልብስ ሰፊዋ የሸሚዝ ቁልፍ ታትማለች፤ ዳቦው ሲነፋ አራቱ ቀዳዳዎች ይሰፉና እንደ ዓይን ያፈጣሉ። አንዲት ሴትዮ የባሏን የሳጥን መክፈቻ ትጫናለች፤ ባሏ ሲቆጣ «ሳጥኑ ውስጥ ምን አለና» ትለዋለች። መጀመሪያ ማንበብ የተማርኩት እነዚያን ምልክቶች ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም።

አባታችን እግሩን ሲያመው ወደ ገጠር፣ ማጀቴ ወዳለው መሬቱ ተመለሰና የሱቁን ቁልፍ ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። ቤቱን አጽድቷል፣ ሚዛኑን አስተካክሏል፣ እውነቱን ለመናገር ዳቦውም ተሻሽሏል። ምልክቶቹን ግን አልወደዳቸውም። «ዶሮ የሄደበት ጭቃ ይመስላል» ብሎ ከለከለና፣ በምትኩ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በየትሪው ጠርዝ ላይ በሊጥ አጣበቀ። ወረቀት፣ ምድጃ ውስጥ። ገበያ ሄጄ ስመለስ የምድጃው በር ተዘግቶ ነበር። ስንከፍተው ቁጥሩ ሁሉ አመድ ሆኗል፤ ዳቦው ሁሉ ለስላሳ፣ ቀላ ያለ፣ የማንም ያልሆነ። ወንድሜ በግምት አደለው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ከቅዳሴ መልስ ቆርሳ ስትጎርስ አፏ ውስጥ ቅቤ አገኘች። አልጮኸችም። መደርደሪያው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ወንድሜ ፊቷ ቆሞ ነበር። ሁለት ባች የሚለው ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው፣ ከክፋት አይደለም። ይህንን ማወቄ ነው ክርክሩን ያከበደብኝ።

«የሙስሊም ቤት ሆን ብሎ ቅቤ አበላኝ ብትል ኖሮስ?» አለኝ። «አስበሽበታል? ይህች ከተማ በስንት ትንሽ ነገር ስትታመስ አይተናል። እኛ ደጃፍ ላይ ቢጀመርስ?»

«አላለችም።»

«እሷ አላለችም። ባሏ ቢልስ? የባሏ ወንድም ቢልስ?»

የቅርቡን መልስ ሳጣ የሩቁን የማንሳት ልማድ አለብኝ።

«ባች ማለት መጀመሪያ ምን እንደነበር ታውቃለህ?»

«ደግሞ ጀመራት» አለ ለምድጃው።

በኛ ሀገር ባች የተማረ ሰው ቃል ነው። በአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ በአንድ ዓመት የተመረቁ ሰዎች አንድ ባች ናቸው። ወንድሜና ጓደኞቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው «እሱ እኮ የኛ ባች ነው» ሲባባሉ በእኔና በእነሱ መሃል በር ያለ ይመስለኛል። እኔ ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፣ ከበሩ ውጭ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ወጣት ማዕከል ግጥም ላነብ ስወጣ አስተዋዋቂው «የየትኛው ባች ነሽ?» አለኝ። «የዳቦው» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ለማሾፍ ያህል ያልኩት ነገር እውነት መሆኑን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ስከፍት ነው።

ባች የእንግሊዞች የዳቦ ቤት ቃል ነው። የወጣው ከመጋገር ነው፤ በየሱቁ ከሚሸጠው የቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ላይ ካለው «ቤክ» ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የሚጠራው መጋገርን ራሱን፣ ከዚያም በአንድ ጊዜ ምድጃ ገብቶ አብሮ የወጣውን ዳቦ ነበር። ቀስ እያለ በአንድ ጊዜ የተሠራ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ፣ የጡቡም የመድኃኒቱም። ሰው የተጨመረበት በኋላ ነው። ከተመራቂው በፊት ዳቦው ነበረ። ያን ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ። እኔን ውጭ ያቆመኝ ቃል ለካ ዱቄት ለብሶ ያደገ፣ የኔው ሰፈር ልጅ ነው።

አባታችን እንግሊዝኛ አያውቅም። ግን ለዚሁ ነገር የራሱ አጠራር አለው፣ «አንድ እሳት» ይለዋል። «ዛሬ ስንት እሳት አወጣችሁ?» ብሎ ከማጀቴ እየደወለ ይጠይቃል። አንድ እሳት ማለት አብሮ የገባው ሁሉ ነው፤ የኛም፣ የሽንኩርት ነጋዴዋም፣ የልብስ ሰፊዋም። ባሕር ማዶ ያለ ጋጋሪና የሸዋ ሮቢት ጋጋሪ ሳይተዋወቁ ያው አንድ ነገር ላይ ዓይናቸው አርፎ ስም አውጥተውለታል።

ይህንን ሁሉ ባጭሩ ነገርኩትና «ቃሉ የተፈጠረው አብሮ ለገባ ነው። አንተ አጥር አደረግኸው» አልኩት።

ወንድሜ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «ቃሉ የፈለገውን ይሁን። ልብስ ሰፊዋን አያጽናናትም። የእንግሊዝ ጋጋሪ መጥቶ ይቅርታ አይጠይቅልኝም።»

እውነቱን ነው። ቃል ከየት እንደመጣ ማወቅ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት አያዝም። ይህንን ለእሱ ግን አላመንኩለትም።

«እሺ፣ ቃሉን ተወው» አልኩት። «የተሳሳትነው ዳቦዎቹ አብረው ስለገቡ አይደለም፣ ምልክታቸውን ስላጠፋን ነው። አባታችን እዚህ እያለ አብረው ሲገቡ ማን የማንን በላ?»

«አንቺ ግጥምሽን ጻፊ።»

ያን ጊዜ ከፊት ለፊቱ ክፍል «ማን አለ?» የሚል ድምፅ መጣ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ናት፤ ከኋላዋ ልብስ ሰፊዋ። ሁለቱም በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። እኛ ስንከራከር እነሱ ሊጣቸው ኩፍ ብሎላቸው ነበር።

ወንድሜ ቀድሞኝ ወጣ። «እትዬ፣ የእርስዎ አሁን ይገባል» አላት ነጋዴዋን። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረና «የእርስዎ ደግሞ ቀጥሎ፣ ለብቻው። ከዛሬ ጀምሮ እንደዚያ ነው» አለ።

«ለብቻው ማለት?»

«ጾምዎ እንዳይነካብዎ ብዬ ነው።»

«የኔ ቅቤ ይዘላል እንዴ?» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ።

«አይደለም፣ እትዬ…»

«ወላሂ፣ ከትናንት ወዲያ የሷን የዘይት ዳቦ በልቼ ነው ያፈጠርኩት። ምንም አላለኝም። ጨው ግን አንሶታል።»

«ጨው አላነሰውም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንቺን ምላስሽን ሽንኩርት ገድሎታል።»

ወንድሜ አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ትሪዋን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ትናንት ያለቀሰችበት ቦታ ላይ። «ስማ ልጄ» አለችው። «እኔ ያለቀስኩት ጾሜን ስለሻርኩ ነው። የንስሐ አባቴን ጠይቄ፣ ሳታውቂ ነው ብለውኛል። ከሷ ዳቦ ጎን ተቀመጠብኝ ብዬ አላለቀስኩም። አሁን ለብቻዬ ቆሜ ስጠብቅ ሰው ቢያየኝና ምነው ቢለኝ ምን ልበል? ተጣላን ልበል? ሳንጣላ?»

ጨርቁን ገለጠችው። ሊጡ መሐል ላይ የሸሚዝ ቁልፍ ታትሟል፣ አራቱ ቀዳዳዎች ገና ትኩስ ናቸው። የነጋዴዋንም ገለጥኩት። አራት ጣት፣ በተርታ፣ በደንብ የተጫነ። ሳይነጋገሩ ይሁን ተነጋግረው አላውቅም፤ ሁለቱም የተከለከለውን አድርገው መጥተዋል።

ሁለቱንም ትሪ አንስቼ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። ወንድሜ ተከተለኝና ከምድጃው ፊት ቆመ።

«ነግሬሻለሁ» አለ።

«ሰምቻለሁ። ዞር በል፣ እጄ ዝሏል።»

«ነገ አንዷ ብታለቅስ፣ ባሏም ደጃፋችን ላይ ቢቆም፣ የምታናግሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለአባታችንም ደውለሽ የምትነግሪው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የኔም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ፈርቶ ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ልዩነታችን እሱ ፍርሃቱ ያለውን ማድረጉ፣ እኔ ደግሞ እልኸኛ መሆኔ ነው። እልህ ከፍርሃት የበለጠ ብልህ ነው አልልም። ያን ዕለት ግን ሁለት ሊጥ ተሸክሜ የነበረው በእልህ ነው።

ዞር አለ። ሽርጡን ፈታ፣ እንደ ልማዱ በሥርዓት አጣጠፈው፣ የዱቄት ጆንያው ላይ አስቀመጠና የሱቁን ቁልፍ ከላዩ አኖረው። ከዚያ ወጣ። ሴቶቹን «ደኅና ዋሉ» ሲላቸው ሰማሁ፤ ጨዋነቱን አልረሳም። እነሱም መለሱለት፣ ነጋዴዋ «ማፍጠሪያህን እልክልሃለሁ» አለችው።

ትሪዎቹን ጎን ለጎን ወደ ውስጥ ገፋኋቸው፣ አራቱን ጣት በቀኝ፣ የሸሚዝ ቁልፉን በግራ። የምድጃውን ብረት ልዘጋ ጎንበስ ስል፣ የእሱ ኮቴ ከደጃፉ ወጣና የሱቁ በር ከኋላው ተዘጋ።