በቀይ ቀለም «አለቀ» ያልኩት ስንጥቅ

ነገሌ ቦረና በውሃ ሥራ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ የችግር መዝገብ መያዝ ነበር። በግራ በየጉድጓዱ የታየው ጉድለት ይጻፋል፣ በቀኝ መፍትሔው። ቀኙ ባዶ ሆኖ ከሰነበተ አለቃዬ ፊቱን ያጠቁርብኛል። እኔም መላ አላጣሁም፤ ለመሐንዲሱ ደብዳቤ እጽፍና በቀይ ቀለም «አለቀ» እላለሁ። የቢሮው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ደብዳቤ ከተጻፈ ነገሩ ከጫንቃችን ወረደ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ ኤላ፣ ማለትም በእጅ የሚቀዳ የቦረና ጥልቅ ጉድጓድ፣ የውሃ ተራ አዛዥ የሆኑ ሽማግሌ መጡ። የጥልቁ ጉድጓድ ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ የሚያውቅ ሰው አይቶ አያሰጋም እስኪል ከብቱን ወደ ሌላ ውሃ እንወስዳለን አሉኝ። ጻፍኩ፤ «አለቀ» አልኩ።

በሳምንቱ ደብዳቤዬን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። መሐንዲሱ ወዳለበት ወደ ሀገረ ማርያም የሚሄድ መኪና ጠፍቶ ከቢሮ አልወጣም። ዘበኛውን ስጠይቀው «አለቃ መዝገቡን አይተው ለሽማግሌው ታይቷል፣ አለቀ ብለዋቸዋል። ዛሬ እያጠጡ ነው» አለኝ።

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ስምንት ሰው አንዱ ከአንዱ በላይ ቆሞ ነው ውሃ የሚቀባበለው። የአንድ ሰዓቱን መንገድ አብዛኛውን ሮጥኩት። ከራስ በላይ ነፋስ ነውና መጀመሪያ የታየኝ ወህኒ ቤቱ ነበር፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ሰዎቹ የታዩኝ ዘፈናቸው ከመሬት ውስጥ ሲሰማኝ ነው።

ሽማግሌው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። «አካም ልጄ፣ ናጋ? እኛ በሌለንበት መጥታችሁ አያችሁልን አሉ» ብለው ሳቁ። «በእኛ ዘንድ ጉድጓድ ደህና ነው ያለ ሰው ቀድሞ ይወርዳል። እናንተ እዚህ ስላልነበራችሁ የእኔን ልጅ አወረድኩት። ከሁሉ ታች ያለው እሱ ነው።»

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«አባባ፣ ማንም አላየውም። ደብዳቤ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሱም አልሄደም።»

ሽማግሌው ወደ ጉድጓዱ ዞረው «በአ! በአ!» እያሉ ጮኹ፤ ውጡ ነው። ዘፈኑ ተቋረጠ። ከላይ ያለው ካልወጣ የታችኛው መንገድ የለውም። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። ሰባተኛው ሲወጣ ከግድግዳው አፈር መንሸራተት ጀመረ፤ ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ልጁ አፈር ለብሶ አባቱ ፊት ቆሟል። ሽማግሌው ቢሰድቡኝ በወደድኩ። አላዩኝም እንኳ። የልጃቸውን ራስ፣ ትከሻ፣ እጅ ዳሰሱና «ውረድ ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉት።