ጌታ ይመስገን ያልኩበት ማለዳ

እኔ ሙሉነሽ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ተማሪ ነበርኩ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ባሌም ስቋል። በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት ላይ ነው፤ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ያለው ቸርቻችን ለስደተኞች የታይፕ ትምህርት ከፈተ። ታይፑ ስድስት፣ ተማሪው አሥራ ሁለት፤ ለሁለት አንድ ደረሰን። እኔን ከራሄል ጋር አስቀመጡኝ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ልጄ ልትሆን ትችላለች። የእሷ ጣቶች ሳታያቸው ይሮጣሉ፤ እኔ አንዲት ፊደል ፍለጋ ስንከራተት «እርስዎ ክላስሜቴ፣ እስኪያገኟት ሻይ ጠጥቼ ልምጣ?» ትለኛለች። ሌላ ሰው ቢለኝ ደብተሬን ይዤ እወጣ ነበር። እሷን ግን ክንዷን ቆንጥጬ ፍለጋዬን እቀጥላለሁ።

ከእናቷ ከዕፀገነት ጋር የሚኖሩት እኛው ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ዕፀገነት ከዚህች ልጅ ሌላ ማንም የላትም።

በዚያ ሰሞን ባሌ ፊሊጶስ መንገድ ላይ ነበር። የእርዳታ እህል በከባድ መኪና ወደ ሰሜን፣ እስከ ሱዳን ድንበር ያመላልሳል። ማክሰኞ እገባለሁ ያለ ሰው ዓርብም አልመጣም። በዚያ መንገድ ሽፍታ መኪና እያስቆመ ሾፌር እንደሚገድል የማያውቅ የለም። መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ብጠይቅ «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፣ ሰኞ ነይ» አሉኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ሦስት ቀኔ ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ቶሎሳ ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተዋል። እኛ ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ናይሮቢ ስንመጣም ይህን አልተውንም። «ፊሊጶስ» አልኩ።

«ኧረ አይደለም፤ ፊሊጶስ አይደለም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ ፈጥነው። «ራሄል ናት። ትናንት ማታ ለአዳር ጸሎት ስትመጣ መንገድ ስትሻገር ማታቱ ታክሲ ገጫት። ሐኪም ቤት አልደረሰችም።»

«ጌታ ይመስገን» አልኩ።

በዚህ አፌ፣ ጮክ ብዬ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን ሲያመልጠኝ በደንብ ሰምቼዋለሁ። ሴቶቹ ተያዩ። ጋሽ ቶሎሳ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ራሄል? የኔዋ ራሄል? ሐሙስ እኮ ጎኔ ተቀምጣ ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ፤ እንባም እምቢ አለኝ።

«እናቷ አልሰማችም፤ ቸርች ያደረች መስሏታል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ከሁሉም የምትቀርቢያት አንቺ ነሽ። አብረሽን ውጪ።»

«እኔ አልችልም ጋሼ። በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?»

«ማንስ ይችላል ልጄ?» አሉኝና ክንዴን ያዙ።

ደረጃውን ስንወጣ ከሴቶቹ አንዷ ያልኩትን ትነግርብኛለች ብዬ ፈራሁ። እሱስ ይሁን። የባሰው፣ ደስታው አሁንም ደረቴ ውስጥ ነበር። ልዋሻችሁ አልችልም። ፊሊጶስ በሕይወት መኖሩን እንኳ የነገረኝ የለም፤ እሱ አይደለም ስለተባልኩ ብቻ ልቤ አርፏል፣ ያቺ ልጅ ሞታ። ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ዕፀገነት ልብስ እያጠበች ነበር መሰለኝ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተች። ጋሽ ቶሎሳን አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ከዚያ እኔን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ውይ እህቴን» አለች። «ፊሊጶስ ነው?»

መጥታ አቀፈችኝ። መርዶው የእኔ መስሏታል፤ ባሏ መንገድ ላይ የጠፋባት እኔ ነኛ። የእሷ ልጅ ጸሎት ላይ ናት፤ በራሷ በኩል ምንም ክፉ አልጠረጠረችም። እርጥብ እጇ ጀርባዬን ያሻሸኛል። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ። ራሄልም አሁን ትመጣለች፤ ብቻሽን አንተውሽም» ትለኛለች።

እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በእጄ አስቆምኳቸው። ያ ቃል ከወጣበት አፍ ይህም ይውጣ አልኩ።

«ፊሊጶስ አይደለም ዕፄ» አልኳት። «ራሄል ናት።»

የልጇን ስም ከሰማች በኋላም እጇ ለጥቂት ጊዜ ጀርባዬን ማሻሸቱን አላቆመም።