ይመርን ያዋሃድኩ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቱ አቶ ኡጁሉ የአኙዋ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ የማይቀልዱበት ሰው የለም። ማመልከቻ ልተይብ መስሎኝ ገባሁ። እሳቸው ግን በመጀመሪያው ቀን የዘር ሐረግ መሥሪያ ፕሮግራም ከፈቱልኝ። ውጭ አገር ያሉ የከተማው ልጆች «የቤተሰባችንን ሐረግ በኢንተርኔት አስገቡልን» ማለት ጀምረው ነበር።

«በራስሽ ተለማመጂ፤ አያቶችሽን ጻፊ» አሉኝ።

አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ጻፍኩና ቆምኩ።

«መብራት ጠፋ?»

«አልጠፋም፤ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።»

እሳቸው አሥራ አራት ትውልድ በቃላቸው ዘለቁት፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ከዚያ «ይቺ ልጅ እውነትም ኮምፒውተር ያስፈልጋታል» ብለው ሳቁብኝ። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ዘመንና ቦታ ይሞላል፤ ማስረጃ ካለ በስካነር ይነሣና ይያያዛል። ችግሩ ፕሮግራሙ የተሠራው አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ለሚጠሩበት አገር መሆኑ ነው። በእኛ አሰያየም ስሞላለት ቀይ ምልክት ያወጣብኛል፤ አባትና ልጅ መሆናቸውን አላምን ይላል። አንድ ጊዜ ከኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የመጡ የኑዌር ሽማግሌ ሐረጋቸውን ሲያወርዱልኝ የአባታቸውን የትውልድ ዘመን ጠየቅኳቸው።

«ወንዙ ሞልቶ ከብት የወሰደ ጊዜ» አሉ።

«ስንት ዓመተ ምሕረት ይሆን?»

«እሱን ወንዙን ጠይቂ።»

አቶ ኡጁሉ ይህችን ወሬ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወሩብኝ ከረሙ።

አረንጓዴ ምልክትም አለ። ፕሮግራሙ በሁለት ሐረጎች ውስጥ አንድ ሰው ያገኘ ሲመስለው ያበራዋል፤ ሥሩ «አዋህድ» የሚል ቁልፍ አለ። እኔ ይህን ቁልፍ እወደው ነበር። ስጫነው ሁለት ቤተሰብ ሲገናኝ የፈጠርኳቸው ይመስለኛል።

አንድ ቀን ወይዘሮ እታገኝ የተባሉ የቡና ገበሬ ከመቲ መጡ። ልጃቸው ትዕግሥት ናሆም ለሚባል የአቦቦ ልጅ ታጭታለች፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሁለቱም ቤተሰብ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጣ ሰፋሪ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ «ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይሆንም» ብለዋል። ወይዘሮ እታገኝ የሟች አባታቸውን የሞላ ይመርን የሰፈራ ካርድ ይዘዋል። የናሆም ቤተሰብም ሐረጉንና የአያቱን የሰፈራ ካርድ ፎቶ በስልክ ላከልኝ፤ የናሆም አያት ደሳለኝ ይመር ይባላሉ።

ሁለቱን አስገባሁ። አረንጓዴው በራ። ይመርና ይመር፣ የመጡት ከወሎ፣ የሰፈራ ጣቢያቸው አንድ፣ የተመዘገቡበት ቀንም አንድ። ምን ይጠየቃል? ተጫንኩት። ሁለቱ አያቶች ወንድማማች ሆኑ፤ ትዕግሥትና ናሆም በሦስተኛው ቤት ተገናኙ። እኔም ጎበዟ በቀለም አተምኩት።

ወይዘሮ እታገኝ ወረቀቱን አይተው ክው አሉ።

«አባቴ 'አቦቦ ወንድም አለኝ' ይል ነበር» አሉ። «'ወንድሜ' ከማለት በቀር ስሙን ጠርቶት አያውቅም። እግዜር ነው ያተረፈኝ! ልጄን ለወንድሟ ልድራት ነበር።»

ትዕግሥት አጠገባቸው ቆማ ነበር። ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ጊዜ ሥራዬን ጠላሁት።

አቶ ኡጁሉ ወረቀቱን አንስተው አዩት። «ይሄ ደሳለኝ ሞቷል?»

«በሕይወት አሉ፤ አቦቦ ናቸው።»

«ሰውዬው አለ፤ አንቺ ኮምፒውተር ትጠይቂያለሽ?» አሉ። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

በማግስቱ ሦስታችን፣ ወይዘሮ እታገኝ፣ አቶ ኡጁሉና እኔ፣ አቦቦ ወረድን። አቶ ደሳለኝን ማንጎ ዛፋቸው ሥር በቆሎ ሲፈለፍሉ አገኘናቸው። ወረቀቱን ሰጥቼ የሞላ ወንድም መሆናቸውን ጠየቅኳቸው።

«ሞላ?» አሉ በቆሎውን ጥለው። «ሞላ ደኅና ነው?»

«አባቴ ነው» አሉ ወይዘሮ እታገኝ። «አርፏል።»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ነገሩን የነገሩን ሲረጋጉ ነው። በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ በተሰበሰቡበት መጠለያ መዝጋቢው «ቤተሰብ ያለው ከቤተሰቡ ጋር ይሰፍራል፤ ብቻውን የሆነ በተገኘው ቦታ» ይላል። ደሳለኝ ሰው የላቸውም፤ ሁሉንም ድርቁ ጨርሶባቸዋል። ሞላን የተዋወቁት በዚያው ሳምንት ነው። ተራቸው ሲደርስ ሞላ ቀደም አለና «ወንድሜ ነው፤ ደሳለኝ ይመር ብለህ ጻፈው» አለ። በኋላ ሞላ ቡና ፍለጋ ወደ መቲ ሄደ፤ መልእክት መላላኩም ቀስ በቀስ ቀረ።

«ታዲያ ለልጆችዎ ለምን አልነገሩም?» አልኩ።

«መዝጋቢው ተመልሶ መጥቶ መሬቴን ቢነጥቀኝስ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ ጠበቁት?» አሉ አቶ ኡጁሉ። «ይሄ መዝጋቢ በጣም ቀርፋፋ ነው።»

ሽማግሌው እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። ከዚያ «የአባቴ ስም በላይ ነው፤ የዋድላ ሰው» ብለው ሰባት ቤት ቆጠሩ። ወይዘሮ እታገኝም የላስታ ሰው የነበረውን የአባታቸውን የሞላን ሐረግ ቆጠሩ። በእናት በኩልም ተቆጠረ። የትም አልተገናኘም።

ላፕቶፑን ከፍቼ ውህደቱን ሰረዝኩት። ደሳለኝንና ሞላን ያያያዘው መስመር ከስክሪኑ ላይ ጠፋ። አቶ ደሳለኝ ይህን አዩ።

«ከወንድሜ ለየሽኝ?» አሉኝ።

ፕሮግራሙ አባት፣ እናት፣ ባል፣ ሚስት፣ የማደጎ ልጅም ያውቃል። መጠለያ ውስጥ የተገኘ ወንድም የሚገባበት ቦታ ግን የለውም። አቶ ኡጁሉ እስክሪብቶ አወጡና በታተመው ወረቀት ላይ ከደሳለኝ ስም አጠገብ ያለውን «ይመር» ሰርዘው የእውነተኛ አባታቸውን ስም «በላይ»ን ጻፉ። ከደሳለኝ ወደ ሞላ ግን አንድ ወፍራም መስመር አሰመሩ። «ይሄ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም» አሉ።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። አቶ ደሳለኝ የወንዱ አያት ናቸው፤ የተቀመጡት ግን በሙሽራዋ ወገን፣ በሞላ ቦታ ነው። ትዕግሥት ጉልበታቸውን ስማ ስትነሣ የመረቋት «የወንድሜ ልጅ ልጅ» ብለው ነው። ማንም አላረማቸውም።

አሁንም እዚያው ቤት እሠራለሁ። አረንጓዴው ሲበራ አቶ ኡጁሉ ካሉበት ሆነው «እጅሽን አንሺ!» ይሉኛል። ለአዲስ ሠራተኞች የምነግረውም አጭር ነው። መጀመሪያ በሕይወት ያለው ሰው ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ይጻፋል፤ ማተም መጨረሻ ነው።