ገራባ የደበቅኩበት ታሪክ

ልጅ ሳለሁ ጭሮ ውስጥ ቤታችንን ከጫት ማሰሪያው ግቢ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ሴቶቹ ፋኖስ ለኩሰው ጫት ይመርጣሉ፤ እኛ ልጆቹ በኦሮምኛ «አካኮ»፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው የግቢው ሽማግሌ ደግሞ ፍሙ አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወራሉ። ተረቱ መጣሙ የሚታወቀው በሴቶቹ እጅ ነው፤ ሲጥማቸው ቅጠሉን እንደያዙ ፍዝዝ ይሉ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ «ዛሬ እኔ ላውራ» አልኩ። የአህያና የጅብ ተረት ነው። ግን አህያዋን ከቤት ሳላስወጣ ጨረቃዋን አወደስኩ፣ ተራራውን በወርቅ ለበጥኩ፣ የአህያዋን እንባ እንደ ጎርፍ አወረድኩት። አንድም እጅ አልቆመም። ያኔ ወጣት የነበረችው ዘይነባ፣ «አቦ፣ ጅቡ መቼ ነው የሚመጣው? ጫቱ ጠወለገ እኮ!» አለች። ግቢው በሳቅ አውካካ።

አካኮ አልሳቁም። ሂርና ከተማ ያለ ገዢ ያን ዕለት የመለሰውን አንድ እስር ጫት አንስተው ፈቱት። ሴቶቹን ሳግዝ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ላዩ ለምለም ቀንበጥ፣ መሃሉ ገራባ፣ ለፍየል የሚጣለው ተረፈ ቅጠል። እስሩ ቶሎ እንዲወፍርልኝ ጠቅጥቄው ነበር። በእርጥብ ኮባ ታፍኖ አድሮ ጠቁሯል፣ ይሙለጨለጫል። ጣቴን ይዘው መሃሉ ከተቱት።

«አሽትቺው» አሉኝ። «ተረትሽም የሚሸተው እንዲህ ነው።»

ጣቴን በአፈር አሸሁት፤ ሽታው አልለቀቀም።

አሁን አካኮ የሉም። ልቦለድ መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልክና ከተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው የለቃቀምኩት። ለፊታችን ቅዳሜ፣ ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን ለምናነብበት፣ አንድ ታሪክ ጻፍኩ፤ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ከገለምሶ በሚኒባስ ስለምትመጣ ልጅ። አሥራ ሁለት ገጽ! በጣም ወደድኩት። ሳምንት አስቀምጬው ሳነበው ግን ያ ሽታ መጣ። «ሰማዩ እንደ ንጉሥ ካባ» ይላል፤ እኔ የንጉሥ ካባ የት አይቼ! ልጅቷ በየገጹ ታለቅሳለች፤ ገጽ እንድትሞላልኝ እንጂ ከፍቷት አይደለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምክር። ቱፍ!

ማረም ማለት የፊደል ስህተት መልቀም ብቻ እንዳይመስላችሁ። እስሩን ፈትቶ መሃሉን ማየት ነው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ምላሳችሁ ሮጦ ሊያልፈው የሚፈልገው ቦታ ሲመጣ ጣታችሁን እዚያ ክተቱ።

ስምንት ገጽ ጣልኩ። ልጅቷና ጭኗ ላይ ያቀፈችው የእናቷ ጫማ ቀሩ። ትናንት ይዤው ወደ ዘይነባ ሄድኩ፤ ዛሬም እዚያው ግቢ ጫት ትመርጣለች። ጫማው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። ልቤ ሊፈነዳ! ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ቅጠሉ እንደገና ይንኮሻኮሽ ጀመር። ወረቀቱን አጠፍኩት።

«ምነው አቆምሽ?» አለችኝ።

«አንቺ መምረጥ ስለጀመርሽ።»

ከአካኮ ተረቶች ብዙዎቹን ረስቻቸዋለሁ። ያ ሽታ ግን ጣቴ ላይ ቀርቷል፤ ሦስተኛውን ገጽ ስፈታው ይኸው ይሸተኛል።